በጥቁር ቀለም የተረፈው ስም

ሰቆጣ ላይ ልጅ የወለደ ሰው ሁለት ቦታ ይሄዳል ይላሉ ጎረቤቶቼ፤ መጀመሪያ ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ለስም ወደ እኔ። ቀልድ ነው። እኔ ግን ለብዙ ዓመት እንደ ቁም ነገር ይዤው ኖርሁ። ሰው በሬን አንኳኩቶ «መምህር፣ ከመጽሐፍ የሆነ፣ ለአፍ የሚቀል፣ ትርጉሙም ደግ የሆነ ስም ፈልግልን» ሲለኝ ደረቴ ይነፋ ነበር። ስሙን ብቻ ሰጥቼም አልሸኝም። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳወጣው፣ ዕብራይስጡ ምን እንደሚል፣ ግእዙ ምን እንዳደረገው ሳይሰማ የሚወጣ አልነበረም። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ አራስ እናቱ እንቅልፍ ይጥላታል፣ እኔ አወራለሁ።

ሥራዬ የሁለተኛ ደረጃ አማርኛ ማስተማር ነው። ከዚያ በፊት ዐሥር ዓመት ያህል በየአብነት ትምህርት ቤቱ ለምኜ ተምሬአለሁ፤ ኋላም ኮሌጅ ገብቼ ሁለት ዓመት ዕብራይስጥ ቀምሻለሁ። መቅመስ ብቻ ነው። አገሬው ግን ጠግቤ የመጣሁ ይመስለው ነበር፤ እኔም አላረምሁትም። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዲያቆናትንና የሰንበት ተማሪዎችን ሰብስቤ አስተምር ነበር። የማስተምረውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመጽሐፍ ያሉትን የዕብራውያን ስሞችና እንቆቅልሻቸውን።

ይስሐቅ ለግእዝ ተማሪ አያስቸግርም። ይስቃል ማለት እንደሆነ ቃሉ ራሱ ይነግረዋል፤ ሣራ ስቃለችና። ሳሙኤል ግን ያስቸግራል። እናቱ ሐና «ከእግዚአብሔር ለምኜዋለሁ» ብላ ነው ስሙን ያወጣችው። በግእዝ «ሰአለ» ማለት ለመነ ነው፣ የዕብራይስጡም ሥር ያው ነው፤ ከዚህ ሥር የሚወጣው ስም ግን ሳሙኤል ሳይሆን ሳኦል ነው። ታዲያ ሐና የተናገረችው ስለ ማን ልጅ ነው? የሳኦልን የልደት ታሪክ አንዱ አንስቶ ለሳሙኤል አለበሰው የሚሉ አሉ። እናት ስም ስታወጣ ሰዋስው አታሰላም የሚሉም አሉ። የሙሴ አማትም አንድ ቦታ ራጉኤል፣ ሌላ ቦታ ዮቶር፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ኦባብ ነው። ሦስት ሰው ነው ወይስ ባለ ሦስት ስም? ተማሪዎቼ ይከራከራሉ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ አያለሁ።

ከሁሉም የምወደው የንጉሥ ሳኦልን ልጅ ነበር። በመጽሐፈ ሳሙኤል ኢያቡስቴ ይባላል፤ ዕብራይስጡ «የእፍረት ሰው» ማለት ነው። ልጁን እፍረት ብሎ የሚጠራ የትኛው አባት ነው፣ ያውም ንጉሥ? መልሱ በዜና መዋዕል ተቀምጧል፤ እዚያ ያው ልጅ አስበኣል ይባላል። በኣል የጣዖት ስም ሆኖ ሲጠላ ጊዜ፣ የሳሙኤልን መጽሐፍ የሚገለብጡት ጸሐፊዎች ጣዖቱን ከልጁ ስም አውጥተው እፍረትን አስገቡበት። የዮናታን ልጅም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ሜምፊቦስቴ፣ እዚህ መሪበኣል። ዜና መዋዕልን ግን ረሱት። «ስም የሚፍቅ ሰው ሁሉንም ቦታ አይፍቅም፤ አንድ ቦታ ይረሳል» እላቸው ነበር ተማሪዎቼን፣ ጣቴን ቀስሬ። ያቺን ጣት ዛሬ ሳስባት ታሳፍረኛለች።

እናቴ የምትኖረው ደሃና ነው። በኽምጣንጋ ታስባለች፣ በአማርኛ ትገበያያለች፤ ከእኔ ጋር ስትሆን ሁለቱን ትቀላቅላለች። ፊደል አልቆጠረችም። ለክብረ በዓል ሰቆጣ መጥታ አንድ ረቡዕ ከተማሪዎቼ ኋላ ተቀምጣ ሰምታኛለች። ቤት ስንገባ ነጠላዋን እያጠፈች ጠየቀችኝ።

«የሎጥ ሚስት ስሟ ማን ነው?»

«አልተጻፈም፣ እማ።»

«የኢዮብ ሚስትስ?»

«እሷም አልተጻፈም።»

«ጎሽ!» አለች። «እናቶቻቸው ብልሆች ነበሩ።»

ከት ብዬ ሳቅሁባት። ነገሩ ግን ለእሷ ሳቅ አልነበረም። እኛ ሁለት ስም አለን። አንዱ ቤትና ትምህርት ቤት የምንጠራበት ነው። ሌላው ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ካህኑ የሚሰጠው የክርስትና ስም ነው። የምንቆርበው በእሱ ነው፤ ስንሞትም ፍትሐት የሚደረግልን፣ ነፍሳችን የምትፈታው በእሱ ነው። በእኛ ሰፈር ይህን ስም የሚያውቁት እናት፣ የክርስትና አባትና የነፍስ አባት ብቻ ናቸው። ድግምተኛ ስም ካላገኘ ማንንም አይጎዳም ይባላል። «ስምህን የያዘ አንተን ያዘህ» ትል ነበር እናቴ። የእኔን ስም እንኳ የነገረችኝ ወደ አብነት ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ሰፈሩን አልፈን ሰው የማይሰማበት መንገድ ላይ ከደረስን በኋላ፣ በጆሮዬ ነው።

የሰፈሩ ሰው ሲያየኝ «የተማረ ይግደለኝ!» ይላል። ሰው ይህን የሚለው ለማመስገን ነው፤ እናቴም ስትሰማው ደስ ይላት ነበር።

ወንድሜ በስምንት ዓመት ያንሰኛል፤ ያንሰኝ ነበር ልበል። እኔ ወደ መጽሐፉ ስሄድ እሱ መሬቱ ላይ ቀረ። ገብሱንም፣ እናቴንም፣ የአባታችንን መቃብርም የያዘው እሱ ነው። ምላሱ ስለታም ነበር። አንድ ጊዜ ስለ ሙሴ አማት ሳወራ ጠላውን እየጠጣ ሰማኝና «አንተ የሞቱ ሰዎች ስም ታውቃለህ፣ እኔ የበሬዎቼን ስም አውቃለሁ። ሲጠሩ የሚመጡት ግን የእኔዎቹ ናቸው» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን አኮረፍሁ። ስንት ቀን እንዳኮረፍሁት ባልናገር ይሻላል።

ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ወጣ። ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ለእናቴ አደራ ብሎ ሄደ። ከወራት በኋላ አብሮት የነበረ ሰው መጥቶ መውደቁን ተናገረ። እናቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እህል እያበጠረች ነበር አሉ። ሰፌዱን አላስቀመጠችም።

«ቀበርኸው?» አለችው።

«አልቀበርሁትም እናቴ፣ ጊዜ አላገኘንም።»

«እንግዲያው አላየህም» አለችና ማበጠሯን ቀጠለች።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ለቅሶ የለም፣ አርባ የለም፣ ተዝካር የለም። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ አዘነላት፣ ቀጥሎ ያማት ጀመር። ባልቴቷ አበደች አሉ። ምራቷ፣ የወንድሜ ሚስት፣ ገበያ ወጥታ ሰቆጣ ድረስ ወደ እኔ መጣች። ከልጆቹ አንዷን አዝላ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ምንድን ነኝ?» አለችኝ። «ባል አለሽ ቢሉኝ የለኝም። ሞቶብሻል ቢሉኝ አላለቀስሁም። ጥቁር እንኳ እንዳልለብስ እማማ ይከለክሉኛል። እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ አንድ ነገር ያድርጉ።»

የችግሩ ቋጠሮ ስሙ ነበር። የሰፈሩ አጥቢያ ካህን ፍትሐቱን በስሙ ለማድረግ ፈቃደኛ ናቸው፤ ሬሳ ባይኖርም ስም ካለ ይቻላል። ነገር ግን ወንድሜን ያጠመቁትና የቤተሰባችን የነፍስ አባት የነበሩት አረጋዊ በዚያው ክፉ ዘመን አርፈዋል፣ እኒህ ከእሳቸው በኋላ የመጡ ናቸው። የክርስትና አባቱም ሞቷል። የጥምቀት መዝገብ የሚባል ነገር ያኔ አልነበረም። ሚስቱ በሰማንያ ነው ያገባችው፣ አብረው አልቆረቡም፤ ስለዚህ አታውቅም። በምድር ላይ ስሙን የምታውቅ አንዲት ሴት ናት፤ እሷም አልናገርም ብላለች።

መሄድ የነበረብኝ እንደ ልጅ ነበር። እኔ ግን እንደ መምህር ሄድሁ። መኪናው እስከሚደርስበት በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር ስጓዝ ልቤ በኀዘን ተይዞ ነበር ብል ውሸት ነው። በሆዴ ስም ስቆጥር ነው የሄድሁት። የተወለደው ገብስ ሲታጨድ ነው፤ ከዚያ አርባ ቀን ብንቆጥር የየትኛው ቅዱስ በዓል ላይ ያርፋል? ገብረ ይሆን፣ ወልደ ይሆን፣ ኃይለ? እንቆቅልሽ አግኝቼ ነበርና መንገዱ አልታወቀኝም። ወንድሜ ሞቶ እኔ እንቆቅልሽ አገኘሁ።

እናቴ በደስታ ተቀበለችኝ። የመጣሁበትን ስነግራት ግን ፊቷ ተዘጋ።

«ስሙን ከሰጠኋቸው ይጠሩታል። በፍትሐት የተጠራ ሰው አይመለስም» አለች።

«እማ፣ ሞቷል እኮ! ነፍሱን እያንገላታሻት ነው።»

«ማን ነገረህ? አንተ አይተሃል?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ የት ይሆናል?»

«የትም ይሁን። ስሙ እኔ ጋር ነው፣ እስከዚያ እሱም አለ።»

ለመንኋት። የምራቷን መከራ ነገርኋት። ስለ ራሔል አነሣሁባት። ራሔል ስትሞት ልጇን ቤንኦኒ፣ የጭንቀቴ ልጅ ብላ ጠራችው፣ አባቱ ግን ብንያም ብሎ ለወጠው፣ የእናት ቃል እንኳ ይሻራል አልኋት። እንዲህ ያለ ነገር ለእናት ይነገራል? ሰምታኝ ስትጨርስ «ታዲያ አባቱ ስለለወጠው ጭንቀቷ ቀረላት?» አለችኝ። እኔ መልስ ሳጣ እናደዳለሁ።

በንዴቴ ነው ያ ቃል ያመለጠኝ። ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን የወንድሜን ክታብ አይቼ «እሺ፣ አትንገሪን! ክታቡ ላይ ተጽፎ ይገኛል!» ብዬ ጮኽሁ።

ክታቡ የተጻፈለት በልጅነቱ፣ እኔ ትምህርት ላይ ሳለሁ ነው። ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖት በትኩሳት ሊሞት ሲል እናቴ ደብተራ አስመጥታ አስጻፈችለት። ለእኛ እንግዳ የሆነ አንባቢ ቢኖር ልንገረው፤ የጠበበ ረጅም ብራና ነው፣ በልጁ ቁመት ልክ የሚቆረጥ። ጸሎቱ እየተጻፈ «አድኅኖ ለገብርከ» የሚለው ቦታ ሲደርስ፣ ባሪያህን እገሌን አድነው እንደማለት ነው፣ የሕመምተኛው የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ይገባል። ከዚያ ይጠቀለልና በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ይታሰራል። ወንድሜ ጎረምሳ ሲሆን አውልቆ ምሰሶው ላይ ሰቅሎት ነበር።

እናቴ ምሰሶው ፊት ቆመች። «አትነካውም» አለች።

ጉልበቴን አልተጠቀምሁም፤ ይህን እንደ በጎነት ለብዙ ጊዜ ለራሴ ስቆጥረው ነበር። የሰው ክታብ መክፈት ይገባል ወይ ብዬ ለመጠየቅ ወደ ካህኑ ወጣሁ። ካህኑ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ነበር። «ለነፍሱ ከሆነ ክፈተው፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አሉኝ። «ስሙን ብቻ አምጣልኝ እንጂ ቀሪው የእኔ ሥራ ነው።»

ተመልሼ ስመጣ ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር። እናቴ ደጃፍ ላይ ጥጥ ትፈትላለች። ክታቡ ጭኗ ላይ ነው። ሳልጠይቃት አንስታ «እንካ» አለችኝ። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ገርሞኝ ተቀበልሁ። ቆዳው በአዲስ ክር ተሰፍቷል።

ከቤቱ ጀርባ ከግንቡ ሥር ብርሃን ወዳለበት ሄድሁና ስፌቱን ፈታሁ። ብራናውን ስዘረጋው እስከ ደረቴ እንኳ አልደረሰም። የሰባት ዓመት ልጅ ቁመት ነው። ያን ጊዜ ብቻ፣ አንድ አፍታ፣ ወንድሜ ትዝ አለኝ።

ቀዩ በሙሉ ተፍቋል። በምላጭ ነው የፋቀችው፤ ብራናው ቦታ ቦታው ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ፊደል ስለማትለይ ስሙን ለይታ ማጥፋት አልቻለችም። ደብተራው ሲጽፍ አጠገቡ ተቀምጣ «ልጄ የቱ ጋ ነው?» ብላው ኖሯል፣ እሱም «ቀዩ» ብሏታል። ስለዚህ ቀይ የሆነውን ሁሉ ፋቀችው። የአብ፣ የወልድ፣ የመንፈስ ቅዱስን ስም ፋቀች። ዕለት ዕለት የምትማልበትን የእመቤታችንን ስም፣ የመላእክቱን ስም ከሥር ፋቀች። ለእሷ እነዚያ ሁሉ የልጇ ስም ነበሩ። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የሚለው ተረት ወደ አፌ መጣ፤ ጨካኝ ፈገግታ ፈገግ አልሁ። ተረቱ ለእኔ እንደሚሆን አልገባኝም።

አዎ፣ ያን ጊዜ መተው ይገባኝ ነበር። አንዲት እናት የሥላሴን ስም በምላጭ እስከመፋቅ ከደረሰች፣ ምን ያህል እንደፈራች ማወቅ ዕብራይስጥ አይጠይቅም። እኔ ግን የሳኦል ልጅ ትዝ አለኝ። የፋቀ ሰው አንድ ቦታ ይረሳል። ብራናውን ከላይ ጀምሬ መስመር በመስመር፣ ጣቴን እየጎተትሁ አነበብሁ። አምስት ቦታ «አድኅኖ ለገብርከ» ካለ በኋላ ባዶ ነው። ስድስተኛው ከግርጌ ነው። ደብተራው ቦታ አንሶት ፊደሉን አጨናንቆታል፤ ቀይ ቀለሙም አልቆበት ይሁን ቸኩሎ፣ እዚያ ላይ የወንድሜን ስም በጥቁር ጻፈው። እናቴ አልነካችውም። ጥቁር ነበርና።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። አንድ ጊዜ አሳልፌ ሰጥቼዋለሁ፣ ይበቃኛል። ከገመትኋቸው ስሞች አንዱም አልነበረም፤ ከእነዚያ ከማስተምራቸው የዕብራውያን ስሞች የአንዱ ቅጥያ ነበረበት። ጣቴን ከፊደሉ ላይ ሳላነሣ ደጋግሜ አነበብሁት። በኀዘን ቢሆን እንዴት ደግ ነበር።

ብራናውን ጠቅልዬ ወደ እናቴ ተመለስሁ። እንዝርቷን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምንም የለበትም» አልኋት። «ጠፍቷል።»

ፊቷ በራ። ያሸነፈች ሰው ደግ ይሆናል፤ ለእኔ ራሷን ዝቅ አድርጋ «አይዞህ ልጄ፣ አትዘን» አለችኝ። ተነሥታ እጄን አስታጠበችኝ። እንጀራ በእርጎ አቀረበችልኝ፣ አጠገቤ ተቀምጣ እየቆረሰች አጎረሰችኝ። በላሁ። እያንዳንዱን ጉርሻ ተቀብዬ በላሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፍትሐቱ ሆነ። እናቴ እንዳትመጣ ፈልጌ ነበር፤ እሷ ግን ምንም አልፈራችም። ያለ ስም የሚደረግ ፍትሐት ማንንም አያገኝም ብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከሴቶቹ ጋር ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ከጎረቤቷ ጋር ስለ ገብሱ ስታወራ እሰማት ነበር። ካህኑ ጀመሩ። «ነፍሰ ገብርከ» አሉና ስሙን በሙሉ ድምፅ ጠሩት።

ምራቷ ባለቀሰችው ለቅሶ ግቢው ተናወጠ። ሦስት ዓመት ያጠራቀመችው ነበር። እናቴ አላለቀሰችም። ካህኑንም አላየች፤ ዞራ ያየችው እኔን ነው። ከዚያ ነጠላዋን አወረደች፣ አዘቀዘቀችው፣ እንደ ኀዘንተኛ መልሳ ለበሰችው።

ለንስሐ አባቴ የተናገርሁትን እዚህም እናገራለሁ። ያን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የተሰማኝ ደስታ ነው። ጸሐፊው ተሳስቶ ሌላ ስም ጽፎ ቢሆንስ የሚል ጥርጣሬ ነበረብኝ፤ የእናቴን ፊት ሳይ ንባቤ ትክክል እንደነበረ አወቅሁ። ዐሥር ዓመት ለምኜ፣ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ተቀምጬ የተማርሁት ትምህርት የመጨረሻ ማረጋገጫው የእናቴ ፊት ሆነ። ደስታው ምናልባት ትንፋሽ ያህል ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ከዚያች ትንፋሽ ወጥቼ አላውቅም።

ቤት ስንገባ ሰው እስኪሄድ ጠበቀች።

«ሁሉንም ፍቄው ነበር» አለች።

«አንዱ በጥቁር ነበር የተጻፈ።»

«መቼ አየኸው?»

«ያን ዕለት።»

«ሳጎርስህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። ብትረግመኝ፣ ብትመታኝ፣ ደረቷን እየደቃች ብትጮህብኝ እንዴት በወደድሁ። በማግስቱ ስንቄን አሰናድታ መንገድ ድረስ ሸኘችኝ፣ ለማንኛውም እንግዳ እንደምታደርገው።

ምራቷ ዓመት ጥቁር ለበሰች፣ አወለቀች፣ ኋላም ሌላ ሰው አገባች። አልፈርድባትም፤ በዚህ ነገር ውስጥ አንድ ሰው ቢተርፍ እሷ ናት። ሰዎች ያን ያነሡልኛል። «ለእሷ ስትል ነው ያደረግኸው» ይሉኛል። ለእሷ ብዬ ቢሆን ኖሮ ለእናቴ እውነቱን ነግሬ፣ እግሯ ላይ ወድቄ፣ ከእሷው አፍ ስሙ እስኪወጣ ሌላ ሦስት ዓመት እጠብቅ ነበር። እኔ መጠበቅ አልፈለግሁም። ማግኘት ነበር የፈለግሁት። የረቡዑን ትምህርት ትቻለሁ። ለስም የሚመጡትንም ወደ ካህናቱ እልካቸዋለሁ፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል እያልሁ።

አሁን እናቴ ታማለች። ሰቆጣ ሆስፒታል ቀጠሮ ስላላት እኔ ቤት ነው የምትኖረው። በአማርኛ አታናግረኝም፤ በኽምጣንጋ ውኃ፣ መድኃኒት፣ በር ዝጋ ትለኛለች። ክፉ ቃል አልወጣትም። ባለፈው ሳምንት የነፍስ አባት አስመጣሁላት። ከክፍሉ እንድወጣ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፣ ወጣሁ። ካህኑ ሲሄዱ ገብቼ ከመደቧ ሥር ተቀመጥሁ። እንዴት እንደደፈርሁ አላውቅም።

«እማ፣ የክርስትና ስምሽን ብትነግሪኝ» አልኋት። «በየገዳሙ ላስጠራልሽ፣ ልጸልይበት።»

እኔ ቤት ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ መለሰችልኝ፤ ረጋ ብላ፣ እንደማይገባው ልጅ ቃል በቃል እየለየች።

«ለነፍስ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። ለልጄም ቢሆን እንዳይነግሩ አስምያቸዋለሁ» አለች። «አንተ የፍትሐቴ ዕለት ከሰው ጋር ትሰማዋለህ።»